ልጆችን ይዞ ቦርከና ዳር መዋል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሚደረግ የአንድ ቀን ሽርሽር ምክር እፈልጋለሁ

እመ ሦስት (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የመድረኩ ታዳሚዎች። ኢድ አልፎ ሁዳዴው ሳይፈታ ባለው አንድ ቅዳሜ ቤተሰባችንን ሰብስበን ኮምቦልቻ ወርደን ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻ ለመዋል አስበናል። የምንሄደው እኔና ባለቤቴ ከሦስት ልጆቻችን ጋር፣ እህቴና ባለቤቷ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር፣ እንዲሁም እናታችን ነን። ከልጆቹ ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን ትንሹ ገና ሦስት ሊሞላው ነው፤ ይህ ትንሹ ውሃ ባየ ቁጥር እጅ አስለቅቆ የሚሮጥ በመሆኑ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እናታችን ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድም ሆነ መሬት ላይ መቀመጥ ይከብዳቸዋል።

የእህቴ ቤት ሙስሊም ነው፣ እኛ ጾም ላይ ነን። ይህ በወሎ ለማንም አዲስ ነገር ባይሆንም የምግቡን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። ባለቤቴ በበኩሉ «ኮምቦልቻ ከመውረድ ሐይቅ ሄደን ብንውል ይሻላል» እያለ ነው። በስንት ሰዓት መነሣትና መመለስ እንደሚሻል፣ በምን መሄድ እንዳለብን፣ ወንዙ ለልጆች ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነና ምን ይዘን እንደምንሄድ የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ኮምቦልቻዊው

እህቴ፣ ስለሌላው ከመነጋገራችን በፊት ሰዓቱን እንወስን፤ ምክንያቱም ጊዜው በልግ ነው። በበልግ በእኛ አካባቢ ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ይውልና ከቀትር በኋላ ደመናው ከተራራው ላይ ይሰበሰባል። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን አልፎ ነው ወደ እኛ የሚወርደው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆናቸው ወንዙ በአጭር ርቀት ብዙ ቁልቁል ይወርዳል። እንግዳ ሰው የማይጠረጥረው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እናንተ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ ሳለ ላይ ደሴ ወይም ኩታበር የጣለው ዝናብ ሰብሰብ ብሎ በደራሽ ውሃ መልክ ሊመጣባችሁ ይችላል። በራሳችሁ ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ይሞላል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ከደሴ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሡ፤ ቢዘገይ ሦስት ሰዓት ላይ ወንዝ ዳር ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ልጆቹ የልባቸውን ይጫወቱ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደመናው ምንም ቢመስል ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ከውሃው ራቅ ወዳለው ከፍ ያለ ቦታ ውጡ፤ የቀረውን ጊዜ እዚያ ማሳለፍ ይቻላል። ውሃው ሳይታሰብ ቀለሙን ከቀየረ፣ ጭራሮና ቅጠል እየገፋ መምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከበፊቱ ከጎላ ግን ሰዓት አይጠበቅም። ምንጣፉንም ድስቱንም ትታችሁ ልጆቹን ብቻ ይዛችሁ ተነሡ። ወንዙ በጎደለ ጊዜ የሚታየው ደረቅ አሸዋ ለስላሳና ጥላ ያለው ስለሆነ ለምንጣፍ ያጓጓል፤ እሱ ግን የወንዙ መኝታ እንጂ የሰው መቀመጫ አይደለም።

ስለ ልብስም አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ በጉም ተሸፍና ልጆቹን ሹራብ በሹራብ አልብሳችሁ ትነሡና እዚህ ስትደርሱ ያን ሁሉ ሹራብ ስትሸከሙ የምትውሉት እናንተ ወላጆች ናችሁ። ከውስጥ ስስ ልብስ፣ ከላይ አንድ ሹራብ፣ በራስ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ይበቃል።

የሐይቁ ልጅ

የባለቤትሽን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ። ሐይቅ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ በመንገድ ረገድ ከኮምቦልቻ ያን ያህል የሚበልጥ ድካም የለውም፤ ውሃው ሰፊ ነው፣ አየሩ ቀለል ያለ ነው፣ ለልጆችም ወፍ ማየት ብቻውን የግማሽ ቀን ጨዋታ ይሆናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው፤ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው ቢያዩ ከመናፈሻ አግዳሚ ወንበር የሚሻል ይመስለኛል።

ኮምቦልቻዊው

ወንድሜ፣ ሐይቅን ማን ይጠላል! ነገር ግን ጠያቂዋ የዘረዘሩትን ቤተሰብ ልብ ብለን እንመልከት። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እናታቸው፣ እሳቸው፣ እህታቸውና ትልቋ ልጃቸው ውጭ ቆመው ወንዶቹን ሊጠብቁ ነው፤ ይህ ለቤተሰብ ሽርሽር የሚመች አካሄድ አይደለም። ከዚህም በላይ የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር የሚያልፍ ሲሆን ዳሩ በአንዳንድ ቦታ ጥቂት እርምጃ ከገቡ በኋላ በድንገት የሚጠልቅ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሯጭ ልጅ ላለው ሰው እኔ አልመርጥለትም። ትልልቆቹ ልጆች ጎርመስ ሲሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ዓሣውም ያለ ሐሳብ በሚበላበት ጊዜ፣ ሐይቅ ተገቢውን ቀን ያገኛል።

ነርሷ (ጤና ጣቢያ)

የሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ የምናገረው ስለ ውሃው ንጽሕና ነው፤ ይህ ጉዳይ ቦርከናንም ሐይቅንም እኩል ይመለከታል።

በእኛ አካባቢ ሰዎች በአብዛኛው የሚፈሩት ልጅ ውሃ ውስጥ እንዳይሰጥም ነው። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን እግሩን ብቻ ነክሮ የወጣ ልጅም ቢልሃርዚያ ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። የበሽታው ተውሳክ በወንዝና በሐይቅ ዳር ሣር ላይ በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጠጡትና ሳይውጡት፣ ጤነኛ በሆነ ቆዳ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በቦርከና ሸለቆ፣ በተለይም ወደ ከሚሴ ባለው ቆላማ ክፍል፣ እንዲሁም በሐይቅ አካባቢ በሽታው መኖሩ የታወቀ ነው። ምልክቱ ወዲያው አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ሲመጣ ማንም ያንን ቅዳሜ አያስታውስም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በጤና ተቋም ሰገራ ተመርምሮና የልጁ ክብደት ታይቶ ይሰጣል።

ሌላው ወንዙ ሁለት ከተማ አቋርጦ መምጣቱ ነው። የመኖሪያ ቤቶች ፍሳሽና ከፋብሪካ ሰፈሮች የሚወጡ ጅረቶች ይገቡበታል፤ ስለዚህ በእሱ ውሃ እጅ መታጠብ፣ ፍራፍሬ ማጠብ፣ ሳሕን ማለቅለቅ ፈጽሞ አይገባም። ለእጅ፣ ለዕቃና ለውዱእ የሚሆን ውሃ በጀሪካን፣ የሚጠጣው ደግሞ ለብቻው ይያዝ። ሳሙና አትርሱ።

ኮምቦልቻ ወባ ያለባት ከተማ መሆኗን ደሴ የሚኖር ሰው በቀላሉ ይዘነጋዋል። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ በመሆኑ ቀደም ባለው ጽሑፍ የተጠቀሰው ሰዓት ለዚህም ይረዳል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከወንዙ ዳር መነሣት አለባችሁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከልጆቹ አንዱ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ እቤት አታቆዩት፤ ኮምቦልቻ ውሎ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።

ጡረተኛው

ልጆቼ፣ ምክራችሁ መልካም ነው፤ ግን አንድ ቀን ሊጫወቱ የወጡ ልጆችን በዚህ ሁሉ ፍርሃት ማጠር ተገቢ አይመስለኝም። እኛ ያደግነው ቦርከና ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልብሳችንን ድንጋይ ላይ አስቀምጠን እንገባ ነበር፤ ማንም ቢልሃርዚያ ሲል አልሰማንም። ልጅ ወንዝ ዳር ሄዶ ውሃ ሳይነካ ከተመለሰ መውጣቱስ ምን ትርጉም አለው? እቤቱ ግቢ ውስጥ መቀመጥ ይችል የለም ወይ?

ነርሷ (ጤና ጣቢያ)

አባቴ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እርስዎ በልጅነትዎ የዋኙበት ወንዝና ዛሬ ያለው ወንዝ ስማቸው እንጂ ውሃቸው አንድ አይደለም፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያኔ ከነበሩት በብዙ እጥፍ ሰፍተዋል። በሽታውም ያኔ አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ ሆድ ቁርጠት ይባል የነበረው ሁሉ ምን እንደነበር ማን መረመረው? ይሁን እንጂ ልጅ ውሃ ሳይነካ መመለሱ ቅር ማሰኘቱ እውነት ነው፤ እሱን አልክድም። ከቤት አንድ ትልቅ ሳፋ ይዛችሁ፣ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ጨምራችሁበት፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ብታስቀምጡት ትንንሾቹ ሙሉ ጠዋቱን ከዚያ አይነሡም። ጽዋና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተሰጣቸው ሲሞሉና ሲደፉ ይውላሉ። ሳፋውም ቢሆን ያለ ጠባቂ አይተው፤ ትንሽ ልጅ ጥልቀት በሌለው ውሃም ይታፈናል። ጨዋታው ሲያበቃ ወዲያው ይደፋ።

ጡረተኛው

የሳፋው ነገር መልካም ነው፤ እሱን ተቀብያለሁ። ወንዙን ግን ልጆቹ ከድልድይ ላይ ሆነው ሳያዩት እንዳይመለሱ። ቦርከናን ሳያይ ያደገ የወሎ ልጅ እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ባለ አባዱላ

ስለ መንገዱ የጻፈ ስለሌለ እኔ ልጻፍ፤ በዚህ መስመር እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርዝመቱ አያስፈራም፣ ሐረጎን ግን ንቀው አይውረዱት። ጠመዝማዛና ቁልቁለት ነው፤ በበልግ ጠዋት ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና የኋላ መብራት እንኳ ማየት ያስቸግራል። ጉሙ ካለ እስኪገለጥ ግማሽ ሰዓት መዘግየት ማንንም አይጎዳም።

አሥር ሰው ስለሆናችሁ ሁለት ባጃጅ ወይም የሰው መኪና ከመለመን አንድ አባዱላ በኮንትራት ብትይዙ ይሻላል። ዋጋውን ስትስማሙ የሚጠብቃችሁን ሰዓት ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ሰዓት ላይ ነው። «ቁልቁለቱን በማርሽ ነው የምትወርደው ወይስ በፍሬን?» ብላችሁ ሾፌሩን ጠይቁት፤ በፍሬን ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ ሾፌር ፈልጉ። ትርፍ ሰው አይጫን። ልጆችን ከሾፌሩ ጎን ጋቢና ውስጥ በእናታቸው ጭን ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ከኋላ ወንበር፣ ከትልቅ ሰው ጎን ይቀመጡ።

ልጆች የሚያስመልሳቸው ብዙውን ጊዜ ሐረጎ ላይ ነው። ጠዋት ወተት ጠጥተው አይነሡ፤ ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃቸዋል። መስኮት ይከፈትላቸው፣ ስልክ እንዳያዩ ይከልከሉ፣ ግማሽ ሎሚ እያሸተቱ ሩቅ ሩቁን ይመልከቱ። ለማንኛውም አንድ ፌስታል በእጅ ይያዝ፤ የመኪናዬን ወንበር ስለምወድ ነው ይህን የምለው።

ጀበና

ምግቡን ለእኔ ተዉልኝ። በወሎ እንዲህ ያለው ነገር የተፈታው ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ነው፦ ሥጋ ካለ ማን ባርኮ አረደው የሚለው ጥያቄ ይነሣል፣ የጾም ምግብ ከሆነ ግን ሁሉም ከአንድ ሰሐን ይበላል። ሁዳዴው ደግሞ ለዚህ ተስማሚ ጊዜ ነው። ምስር የተሞላ ሳምቡሳ፣ በዘይት የተሠራ ድንች፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ከያዛችሁ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጅ እኩል ይጠግባል። የእህትሽ ልጆች ቅቤ ያለው ጭኮ ሊያምራቸው ይችላል፤ ለእነሱ በተለየ ዕቃ ይያዝላቸው፣ ያንቺዎቹ ደግሞ በሶ በስኳር ይብሉ። ሽሮ ወጥ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ሐረጎ ላይ ድስቱ ሲገለበጥ ከነልብሳችሁ ሽሮ ትሆናላችሁ። ወጥ ካማራችሁ ቀድሞ በእንጀራ ተፈትፍቶ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይያዝ። አቮካዶና ሰላጣም አትቁረጡ፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል።

ጠረጴዛ ስለማይኖር ምግቡ በየሰው ድርሻ ታስሮ ቢሄድ ይቀላል፤ ልጆች እየሮጡ መጥተው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ለቆሻሻ ይያዝ። ልጣጩም ጠርሙሱም እዚያ ገብቶ ከናንተ ጋር ደሴ ይመለስ፤ ነርሷ ያማረሩበት ወንዝ ላይ እኛም እንዳንጨምር።

ቡናውስ? ቡና ሳይፈላ ውሎ የሚባል ነገር የለም። ከሰል ማንደጃ ይፈቀድ እንደሆነ ስትደርሱ ጠባቂውን ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ ቤት ፈልቶ በፔርሙዝ ይሄዳል። ጣዕሙ እንደ ጀበናው አይሆንም፣ ግን ከመቅረት ይሻላል።

መምህር (ኮምቦልቻ)

ቡናው ከተነሣ ዘንድ ስለ እሱ አጥብቄ የምለው አለኝ። ብዙ ጊዜ ተማሪዎችን ይዤ ወንዝ ዳር እወጣለሁ፤ ከወላጆች ጋር ስንወጣ የማስተውለው አንድ ነገር አለ። ልጅ ከዓይን የሚሰወረው ሁሉም ሰው እየሠራ ባለበት ጊዜ አይደለም፤ ሁሉም ሰው በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ምንጣፍ ሲዘረጋ፣ ዕቃ ሲወርድ እያንዳንዱ ትልቅ ሰው ቆሞ ስለሚንቀሳቀስ ልጆቹን ያያል። ቡናው ቀርቦ ፈንዲሻው ሲበተን ግን አምስቱም ሰው ፊቱን ወደ ረከቦቱ ያዞራል፤ እያንዳንዱም «ሌላው እያየው ነው» ብሎ ያስባል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በዚህች ሰዓት ነው። ውሃ ያፈነው ትንሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ ድምፅ ሰምተን እንደርሳለን የሚለው ተስፋ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ጥበቃው በቡናው ተራ ይከፈል። አቦል ሲጠጣ አንድ ሰው፣ ቶና ላይ ሌላው፣ በረካ ላይ ሦስተኛው፣ ሲኒውን በእጁ ይዞ ከምንጣፉ ይነሣና ፊቱን ወደ ልጆቹ፣ ጀርባውን ወደ ወንዙ አድርጎ በልጆቹና በውሃው መካከል ይቁም። ስልክ አይነካም፣ ወሬ ውስጥ አይገባም። ተራው ሲያበቃ «አሁን ያንተ ነው» ብሎ በስም ጠርቶ፣ ተቀባዩም «ተቀብያለሁ» ብሎ ይለዋወጡ፤ በዓይን ጥቅሻ የተሰጠ አደራ አደራ አይባልም። ትንሹ ልጅ ደግሞ ለብቻው አንድ ሰው ይመደብለት፤ ሯጭ ልጅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ዓይን አይጠበቅም። ይህን ኃላፊነት ለአሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ እንዳትሰጡ አደራ። በየቤታችን ታላቅ እህት ሞግዚት ናት፣ ግን ወንዝ ዳር ያለ ጥበቃ የልጅ ሥራ አይደለም፤ እሷም ልትጫወት ነው የመጣችው።

ጨዋታውን በተመለከተ አንድ ብቻ እከለክላለሁ፦ ድብብቆሽ። ኩኩሉ ተብሎ ዓይን ከተጨፈነ በኋላ ልጆቹ የሚደበቁት ከፍ ያለ ሣርና ድንጋይ ባለበት፣ ማለትም በውሃው ዳር ነው፤ የጨዋታው ሕግ ራሱ ሲጠሩት አይመለስም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ቅልልቦሽ፣ ኳስ ግን ሁሉም ይሆናሉ። የኳሱን ሜዳ ቁልቁለቱ ወደ ወንዙ በማይወርድበት ቦታ ምረጡ፤ ልጅ የተንከባለለ ኳስ ተከትሎ የማይገባበት የለም።

ጡረተኛው አባታችን ያሉት የድልድዩ ሐሳብ ደግሞ ለትልልቆቹ ልጆች ትምህርት ይሆናል። እጃቸውን ይዛችሁ ከድልድዩ ላይ አንድ አንድ ደረቅ ቅጠል ይጣሉና «ይህ ቅጠል የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኛው ልጅ «ባሕር» ይላል። ቦርከና ግን አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አልፎ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። በአንጻሩ ደሴ ላይ ሆነው በየቀኑ ከሚያዩት ከጦሳ ተራራ ወዲያ፣ በምዕራብ ወገን የሚወርደው ዝናብ በበሽሎ በኩል አባይ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል። በአንድ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ በግራና በቀኝ ተለያይቶ የት እንደሚገባ ከተረዱ በኋላ የእኔ ተማሪዎች የጂኦግራፊ ካርታ ሲያዩ ዓይናቸው የሚሄደው መጀመሪያ ወደዚያ ነው።

እመ ሦስት (ደሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅኩት በላይ ነው ያገኘሁት። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ ሙሉውን አነበብኩለት፤ የሐይቁን ነገር ለጊዜው ትቶታል፣ «ለክረምት መውጫ» ብሏል። የቡናውን ተራ እህቴና እኔ ተከፋፍለናል፤ አቦሉን የእህቴ ባለቤት፣ ቶናውን የእኔ፣ በረካውን እህቴ ይቆማሉ፣ ትንሹን ልጅ እኔ ራሴ ይዤ እውላለሁ። አሁን የቀሩኝ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው እናታችን ናቸው፤ ከመኪና መቆሚያው እስከ ጥላው ድረስ እንኳ ሳይደክሙ እንዲደርሱ ምን ላድርግ? ሁለተኛው፣ የእህቴ ባለቤት ዙሁር ሶላቱን የሚሰግድበት ጸጥ ያለ ቦታ ይገኛል ወይ?

ባለ አባዱላ

የእናትየውን ለእኔ ይተዉት። ማንኛውም ሾፌር ቢሆን እናት ይዤያለሁ ካሉት እስከሚቻለው ድረስ አስጠግቶ ያወርዳቸዋል፤ መጀመሪያ እሳቸውን ከአንድ ሰው ጋር አውርዳችሁ አስቀምጡና ዕቃውን በኋላ አውርዱ። ከቤት አንድ ባለ መደገፊያ የፕላስቲክ ወንበር ከመኪናው ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫን። በርጩማ አይሆንም፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ዝቅ ካለ መቀመጫ ሲነሣ ነው የሚሠቃየው።

ነርሷ (ጤና ጣቢያ)

በዚያው ላይ፣ ወንበራቸው ፊቱ ወደ ልጆቹ ይዙር። እናት ሮጠው ልጅ ባይዙም ከሁሉ ቀድመው ያያሉ፤ ግን ይህ ተጨማሪ ዓይን ነው እንጂ ከተመደበው ጠባቂ አንዱን የሚያስቀር አይደለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የዕለቱን ይዘው ይሂዱ፤ ውሃም ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ ከደሴ ብርድ ወደ ሙቀት ሲወርዱ ጥማቱ ሳይሰማቸው ይደክማሉ። የልጆቹን ደግሞ በያንዳንዳቸው ክንድ ላይ በእስክሪብቶ የእናታቸውን ስልክ ቁጥር ጻፉበት፤ ትንሹ ስሙን እንጂ ቁጥር ሊናገር አይችልም።

ኮምቦልቻዊው

ለሶላቱ አትጨነቁ፤ ምንጣፍና ለውዱእ የሚሆን ውሃ ካለው ከዛፎቹ ሥር ከፍ ያለውን ቦታ ይምረጥ። መስጊድ ከመረጠ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ አዛን የማይሰማበት ሰፈር የለም። ሰዓቱ በስድስትና በሰባት መካከል ስለሚሆን ዕቃ መሰብሰቢያችሁ ጋር ይገጥማል። እሱ ሲሄድ ጥበቃው በማን እጅ እንደቀረ ግን በስም ይነገር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ደሴ የሚቀር ጎረቤት ወይም ዘመድ ይኑራችሁ፤ ላይ ዝናብ ከጣለ ወዲያው እንዲደውልላችሁ አደራ በሉት። እናንተ ኮምቦልቻ ሆናችሁ የደሴን ሰማይ ማየት አትችሉም። እኔም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወንዙን አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ።

እመ ሦስት (ደሴ)

ጎረቤቴን አሁኑኑ ነገርኳት፤ «ደመና ሲጠቁር ብቻ ሳይሆን ሲያጉረመርምም እደውላለሁ» ብላኛለች። የዓርቡን እጠብቃለሁ።

ኮምቦልቻዊው

ዓርብ፣ አሥር ሰዓት። አሁን ከወንዙ ዳር መጥቼ ነው የምጽፈው። ውሃው ጎድሏል፣ ጠርቷልም፤ ትናንት ማታ ግን ላይ ጥሎ እንደነበር ዳሩ ላይ የቀረው እርጥብ ጭቃ ያሳያል። ወደ ውሃው የሚያወርዱት ድንጋዮች ያዳልጣሉ፤ ትንንሾቹ በዚያ በኩል እንዳይሄዱ፣ ምንጣፉም ከድንጋዮቹ በላይ ባለው ሣር ላይ ይዘርጋ። እዚያ ሰፊ ጥላ ያላቸው ዛፎች አሉ፤ የእናታችሁ ወንበርም ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ጠባቂውን ጠይቄዋለሁ፤ ከሰል ማንደድ አይፈቀድም፣ ቡናው በፔርሙዝ ይሂድ።